በሜትር የለካነው እብጠት

የእህቴን እብጠት መጀመሪያ የነካሁት እኔ ነኝ። አስቴር ሶዶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ እሑድ ለቸርች ስትዘጋጅ የቀሚሷን የአንገት ቁልፍ እንድቆልፍላት ጠራችኝ። በግራ በኩል፣ ከትከሻ አጥንቷ ከፍ ብሎ፣ ጠንካራ ነገር ጣቴን ነካኝ። አያማትም ነበር።

«ቦሎቄ በቅሎብሻል» አልኳት።

«ተወው ኢሻ፣ ሲደርስ ቀቅለን እንበላዋለን» ብላ ሳቀች። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

በእኛ ዘንድ ንፍፊት ሲያብጥ ቁስሉ ይፈለጋል። እግር ከቆሰለ ብሽሽት፣ ጥርስ ከታመመ አንገት ያብጣል። ስለዚህ የአስቴርን ጥርስ ጠረጠርን። ጥርሱ ተነቀለ፤ እብጠቱ ቀረ። ጠዋት ጠዋት እማዬ በቅቤ ታሸዋለች፣ አስቴር በልብስ ሜትሯ ትለካዋለች፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ካልጨመረ ደስ ይለናል።

ከዚያ ላብ ጀመራት። አንሶላዋ እየራሰ ታድራለች። ቀሚሶቿን ሁለት ጊዜ አጠበበች። ሐኪም ዘንድ ሄድን።

«ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወስደን ማየት አለብን» አለ።

ቤት ስንመለስ፣ ልትጠይቃት ከቤሌ የመጣችው አክስታችን ይህን ሰምታ ጮኸች። «ብረት ከነካው በሰውነቷ ይበተናል!»

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። «ባዮሎጂ የተማርከው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ስለ ሊምፍ ተምሬያለሁ። ፈተና ላይም መልሻለሁ። ግን ፈራሁ።

«ይቆይ» አልኩ።

አራት ወር ቆየ።

ትንፋሽ ሲያጥራት ናሙናው ተወሰደ። ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር ሆነ። ሐኪሙ በቀስታ አስረዳን። «ንፍፊት የሰውነት ዘብ ቤት ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች ዘቦቹ ናቸው። ጀርም ሲገባ እዚያ ይዋጉታል። የእሷ ግን ዘቦቹ ራሳቸው ታመዋል። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር።»

ሐዋሳ ኪሞቴራፒ ጀመረች። ፀጉሯ ሲረግፍ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኮፍያ ሰፋች፤ ለራሷ፣ በክፍሉ ለተኙት ሁሉ፣ ፀጉሬ ላልረገፈው ለእኔም። «አንተም ታማሚ ምሰል፣ በእኔ ብቻ ሰው አታስቅብኝ» አለችኝ።

አንድ ቀን ኮፍያውን አውልቄ አለቀስኩ። «ያቆየሁሽ እኔ ነኝ።»

«ሁለታችንም ፈርተን ነው ኢሻ። ሁለተኛ ግን እንዳትፈራ።»

በሦስተኛው ዙር ትኩሳት ያዛት። ኪሞቴራፒው ጀርም የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎቿን አሳንሷቸው ነበር። ሁለት ቀን። እጇን ይዤ ነበር። አረፈች።

ዓመት ሳይሞላ የእኔም አንገት አበጠ። እማዬ ቅቤ ይዛ መጣች። ልትነካው ግን ፈራች። «እማዬ፣ ቅቤውን ለምግብ አስቀምጪው፣ ሻሽሽን እሰሪና እንሂድ» አልኳት። በዚያው ቀን ሄድን። የናሙናው መርፌ ሲገባ የእህቴን ቃል በልቤ እየደጋገምኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐኪሟ «መርፌው በሽታን አይበትንም፤ ስሙን ይነግረናል እንጂ» አለችኝ። የእኔ በሽታ ስም የንፍፊት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ፣ እማዬ ገንፎዬን እስክታቀርብ፣ መድኃኒቴን እየዋጥኩ፣ እብጠቱም ቀስ በቀስ እየሟሸሸ፣ ወደ ሥራዬና ወደ ምግቤ ተመለስኩ። ድኛለሁ። እሷ ግን የለችም። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ገና እየተማርኩ ነው።

ለሁለቱም ሐኪሞች፣ በዚያን ቀን ፈርታ ሳለ አብራኝ ለሄደችው እናቴም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

አንገታችሁ፣ ብብታችሁ ወይም ብሽሽታችሁ ላይ ያበጠ ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ ጠንካራ ሆኖ ካላመማችሁ፣ ላብና ክሳት ከተከተለው፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ናሙና ይወሰድ ከተባለ ይወሰድ። «ይቆይ» የሚል የሚወዳችሁ ሰው ይኖራል። እኔም እወዳት ነበር።

የአስቴር ሜትር እኔ ጋ ነው። አሁን የልብስ ስፌት እየተማርኩበት ነው። ከልብስ ሌላ አልለካበትም።