ለሁለት ሰው የተሠራችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኩን ውኃ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ብዙም ሳላስብ ከጓዳ የሩዝ ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁና ስልኩን ውስጡ ቀበርሁት። እጄ እስከ ክርኔ ሩዝ ውስጥ ገባ። ያ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ በጣት መሃል የሚሾልክ ፍሬ ሲነካኝ፣ በወጣትነቴ ወረታ ላይ እንዲሁ ጆንያ ውስጥ እየዳበስሁ የመኪና መለኪያ ጌጅ ስፈልግ የነበረበት ጊዜ ድቅን አለብኝ። ልጄ «ይኼ ነገር እውነት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዳንዴ ይሠራል አልሁት። ለእሱ ያልነገርሁትን ለአንተ ልንገርህ።

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሱቃችን የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ዝቅ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበር። ቀኑን ሙሉ የማይበራ ፍሬቻ፣ ድምፁ የጠፋ የባጃጅ ክላክስ፣ የሞተ ባትሪ ይመጣልናል። ትምህርቴን ስጨርስ ከእሱ ጋር መሥራት ጀመርሁ። ወፍራሙ ሽቦ የእሱ፣ ቀጭኑ የእኔ ሆነ፤ መነጽር ቢያደርግም ዓይኑ ረቂቅ ነገር ላይ እምቢ ብሎት ነበር። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሴት ልጅ ኮፈን ሥር ስትገባ ሲያዩ ይሳሳቁ ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱኝና አባቴ በሌለበትም ይመጡ ጀመር።

ከእኛ ማዶ ጨርቃ ጨርቅና የሴቶች መዋቢያ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ልጃቸው ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ እናቷ ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐጂ በወጣትነታቸው አስመራ ሲነግዱ የገዟት ቀይ የጣልያን መኪና ነበረቻቸው። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዝ። ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ከፍታዋ ከወገቤ አይዘልም። ባጃጅ አጠገቧ ሲቆም ባጃጁ ግዙፍ ይመስል ነበር። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ሁለቱ ተያይዘው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲሄዱ ወይም ከጎንደር ዕቃ አይተው ሲመለሱ ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ያያቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ግን መኪናዋ ከከተማው ጫፍ ባለው መጋዘናቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ሐጂ ዓርብ ዓርብ ሄደው ሞተሯን ያስነሡና ጥቂት ቆይተው ያጠፏታል እንጂ አይነዷትም።

በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። መጋዘኑ ወደ ሩዙ ማሳ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር ውኃው ገባ። ሲጎድል መኪናዋ እስከ መሪዋ ድረስ የጭቃ ምልክት ይዛ ተገኘች። ሞተሯን አንድ የባሕር ዳር መካኒክ መጥቶ አስነሣው። መብራቷና ክሩስኮቷ ግን፣ ማለት መሪው ፊት ጌጆቹ የተደረደሩበት ሰሌዳ፣ በድን ሆኖ ቀረ። የነዳጁም፣ የሙቀቱም፣ የፍጥነቱም ቀስት አልንቀሳቀስ አለ። መስታወታቸው ውስጥ ጭቃ ውኃ አቁሯል።

ሐጂ ወደ ሱቃችን መጥተው አባቴን ያነጋገሩት ያኔ ነው። ጎንደር ያለ አንድ ሰው መኪናዋን ሊገዛ እንደሚፈልግ፣ ሰውየው ግን ሁሉ ነገሯ ሲሠራ ማየት እንደሚሻ ነገሩት። አባቴ ደነገጠ። ለምን ይሸጧታል ብሎ ጠየቀ።

«ውኃው ከአሁን በኋላ በየክረምቱ ነው የሚመጣ» አሉ ሐጂ። «ከእኔ ጋር ከምትበሰብስ የሚነዳት ይውሰዳት።»

አባቴ እንሠራታለን አለ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ጌጅ የእኔ ሥራ ነበርና።

መኪናዋ ሱቃችን ገብታ ሰሌዳውን ፈትቼ ሳወጣው የወጣውን ሽታ አሁንም አልረሳውም። የሜዳ ጭቃ፣ የረጠበ ቆዳ፣ አሮጌ ቤንዚን፣ በመሃላቸው ደግሞ ቀጭን የሽቶ ሽታ። እያንዳንዱን ጌጅ ከፍቼ በንጹሕ ውኃ አጠብሁት። ቀስቱን በጣት መግፋት ክልክል ነው፤ ከኋላው ያለችው ጠመዝማዛ ሽቦ ፀጉር ታህላለች፤ ከተጣመመች ቀስቱ ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ይኖራል። ታዲያ እንዴት ይድረቅ? ፀሐይ ላይ እንዳይወጣ የሰሌዳው ቀለም ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ዝናቡ ገና አልተወም። አባቴ አሰበ አሰበና ከቤት አንድ ጆንያ ሩዝ አምጥቶ እዚህ ቅበሪያቸው አለኝ። እኛ ጋ ፎገራ ላይ ሌላው ቢጠፋ ሩዝ አይጠፋም። እናቴ ግን ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሩዝ ማን ሊበላልህ ነው ብላ እስኪበቃት ተቆጣች። እውነቷን ነበር፤ ያ ሩዝ ኋላ ለዶሮ ሆነ።

ጌጆቹ ጆንያ ውስጥ ሳሉ ጓደኛዬ መጣች። አባቴ ለምሳ ሄዶ ነበር። ሰሌዳው የነበረበትን ክፍት ቦታ፣ ከውስጡ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየች። ዓይነ ስውር ሰው ፊት የቆመች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ተይው» አለችኝ። «አልሠራም ብሎ ይቅር። አልሠራም ካለ ሰውየው አይወስዳትም።»

አባቴ ለአባትሽ ቃል ገብቶላቸዋል አልኋት።

«እኔስ? ከእናቴ የቀረኝ ይኼ ብቻ አይደል?»

ቢገባኝም ልዋሽላት አልቻልሁም። አባቴ የማይሠራን ነገር አይሠራም ይላል፤ የሚሠራን ነገር አይሠራም ብሎ ሲመልስ ግን አንድ ቀን አላየሁትም። ይህንኑ ነገርኋት። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ስንገናኝ እናቴን ሰላም ትላለች፤ እኔን ታልፈኛለች።

ሥራው ግን አልቆመም። አባቴ የፊት መብራቶቹን ያዘ። በውስጣቸው ያለው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሽፋን በእጅ ከታሸ ይላጣልና፣ በሳሙና ውኃ እያለቀለቀ ጭቃውን ብቻ አወረደው። የዛጉ ሽቦዎችን ቆርጦ በአዲስ ቀየረ። እኔ የነዳጁን መለኪያ ከታንከሩ አውጥቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁ። የፍጥነቱን ገመድ ግራሶ አጠጣሁት። የላላውን ሁሉ በስታኞ ስበይድ ጭሱ ዓይኔን እያስነባኝ፣ ማዶ ያለውን ሱቅ ላለማየት አጎንብሼ እውላለሁ። አሁን ባሕር ዳር ላይ የምሠራቸው መኪኖች ፊታቸው እንደ ስልክ ሆኗል፤ ኮምፒውተር ይሰኩበትና ጉድለቱን ራሱ ይናገራል። ያኔ የሚናገር ነገር አልነበረም። ሽቦን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት መከተል ነበር።

ትንንሾቹ የሰሌዳው አምፖሎች ተቃጥለው ስለነበር አውጥቼ ጣልኋቸውና አዲስ ተካሁ። በአሮጌዎቹ ብርጭቆ ላይ አረንጓዴ ነገር ተላላጦ አይቻለሁ። የመዳብ ዝገት ነው ብዬ አለፍሁት።

ያለቀ ዕለት ሐጂ ከዓስር ሶላት በኋላ መጡ። ሰማዩ ደመና ስለነበር ሱቁ ውስጥ ጨለም ብሏል። ከመሪው ኋላ አስገባናቸውና ማብሪያውን እንዲጫኑ አባቴ ነገራቸው። ተጫኑት። ሰሌዳው ቦግ አለ፤ የነዳጁ ቀስት ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አባቴ ፈገግ አለ። ሐጂ ግን ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት።

«አረንጓዴ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

አልገባንም። ነጩ መብራት በምሽት የፊቱ መስታወት ላይ እየተመለሰ ዓይናቸውን ሲያስቸግራቸው፣ ሚስታቸው ለሽያጭ ካመጡት የጥፍር ቀለም አረንጓዴውን መርጠው አምፖሎቹን እንደቀቧቸው ነገሩን። ሚስታቸው ለገዛ ጥፍራቸው አንድ ቀን ቀለም ነክተው አያውቁም ነበር። ሁለቱ ከጎንደር ሲመለሱ በዚያ መብራት እየተያዩ ይመጡ ነበር። ይህን ሁሉ የተናገሩት ስለ ጨርቅ ዋጋ የሚያወሩ ያህል በረጋ ድምፅ ነው። እኔ አምፖሎቹን መጣሌን ስነግራቸው፦

«ደግ አደረግሽ ልጄ፤ ተቃጥለው የለ? ለገዢውም ነጩ ይሻለዋል» ብለው አጥፍተው ወረዱ።

በማግሥቱ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። ጓደኛዬ ብቻዋን ነበረች። አረንጓዴ የጥፍር ቀለም አላችሁ ወይ አልኋት፤ ያኔ ከእኔ ጋር ካወራች ሰንብታለች። ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀችኝ። አባቷ ያሉትን ነገርኋት። መደርደሪያው ላይ ቀይና ሮዝ እንጂ አረንጓዴ አልነበረም። ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች። እኔም ተመለስሁ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። ከመጋዘኑ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ፈልጋ ያገኘችውን፣ ሊደርቅ ምንም ያልቀረውን ጠርሙስ ይዛለች። በአሴቶን አቅጥናዋለች። አባቴ በርጩማውን ለቀቀላትና ወደ ውጭ ወጣ። ሰሌዳውን እንደገና ፈትቼ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሰጠኋት። መጀመሪያ የቀባችው ወፍራም ሆኖ መብራቱን ዋጠው። ጠርጋ እንደገና በስሱ ቀባች። ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇን በጉልበቷ ደግፋ ነበር የምትሠራው።

«እናቴ ስትቀባ ጠርሙሱን የያዝሁላት እኔ ነበርሁ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ረስቼው ነበር። እንዴት ይረሳል?»

ትንሽ ነበርሽ አልኋት።

አምፖሎቹን አንድ ጨርቅ ላይ ደርድራ እስኪደርቁ እፍ እፍ አለቻቸው። ከዚያ፦

«ከተሸጠችም ጎዶሎ ሆና አትሸጥ» አለች።

ሰሌዳውን አብረን መልሰን ገጠምነው። እሷ ብሎኑን ትይዛለች፣ እኔ አጠብቃለሁ። እንደ ቀድሞው ትከሻ ለትከሻ ነበርን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቷን ጠራቻቸው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወደ መሪው በኩል ሄዱ። እጀታውን ከያዙ በኋላ ተዉትና ዞረው በሌላው በር፣ ሚስታቸው በሚቀመጡበት በኩል ገቡ። ጓደኛዬ መሪውን ያዘች። አባቷ ራሳቸው በበጋ ደረቅ ሜዳ ላይ መንዳት አስተምረዋት ነበር። ማብሪያውን ስትጫን አረንጓዴው ብርሃን ከታች ተነሥቶ የሁለቱንም አገጭ ነካው። ሐጂ መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ።

ሦስተኛ ሰው የሚቀመጥበት ስለሌለ እኔና አባቴ መንገዱ ዳር ቆመን ቀረን። ወደ ቁሐር ሚካኤል አቅጣጫ ሄዱ። ጥቅምት ስለነበር ሩዙ ፍሬ ይዞ አጎንብሷል፤ በማሳዎቹ መሃል የቀረው ውኃ ላይ የሰማዩ ቅላት ተኝቷል፤ እንቁራሪቶቹ መጮህ ጀምረዋል። አባቴ የሚያየው የኋላ መብራቶቹን ነበር። ሁለቱም በርተዋል፣ ፍሬን ስትይዝም ደመቅ ይላሉ አለኝ። እኔ የማየው ሁለቱን ጭንቅላቶች ነበር። አንደኛው ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር ይነግራል። ምን እንደተባባሉ ጓደኛዬን ጠይቄያት አላውቅም። ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። ሐጂ ሲወርዱ ለእኔ የተናገሩት የሙቀቱ ቀስት በትክክል እንደሚሠራ ነው። ይበቃኛል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ሲያመሰግነኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ሐጂ የሉም። አባቴም የለም። ጓደኛዬ ደብረ ታቦር አግብታ የልጆች እናት ሆናለች፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፤ እኔ ለኢድ እደውላለሁ፣ እሷ ለፋሲካ። ስለ መኪናዋ አናነሣም።

ገዢው የመጣው ከዚያች ምሽት በሳምንቱ በጠዋት ነው። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ አስነሣት፣ መብራቷን አበራ፣ ወደዳት። ሐጂ ቁልፉን ከሰጡት በኋላ አልለቅ አሉት። ዳገት ላይ የነዳጁ ቀስት ዝቅ ስለሚል እንዳይደነግጥ፣ ጠዋት ጠዋት እስክትሞቅ እንዳያጣድፋት፣ ርብ ድልድይ ሲደርስ ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀስ ብሎ እንዲገባ እየደጋገሙ ነገሩት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማቸው። ልጃቸውን የሚድሩ ነበር የሚመስሉት።

ሰውየው ወደ ጎንደር መንገድ ታጠፈና ከዓይናችን ተሰወረ። ሐጂ ከመንገዱ ዳር አልተነቃነቁም። እኔና ጓደኛዬ ከኋላቸው ቆመናል። የሞተሯ ድምፅ በጠዋቱ አየር ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ሦስተኛ ማርሽ አስገባ» አሉ። ጥቂት ቆይተው «አራተኛ» አሉ።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈና ድምፁን ዋጠው። ባጃጆች ተከተሉ። ገበያተኛው ከብቱን እየነዳ መንገዱን ሞላው። ጓደኛዬ ቀረብ ብላ ክንዳቸውን ያዘችና እንግባ አለቻቸው።

«ቆይ» አሉ። «ድልድዩ ጋ መቀነስ አለበት።»

ቆምን። እኔ የሰማሁት የከብት ኮቴና የባጃጅ ክላክስ ብቻ ነበር። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ብዙ ቆዩ።

«ቀነሰ» አሉ።

«አዎ አባየ» አለች ጓደኛዬ፣ «ቀነሰ።»