የጎደለው የመስመር ጫፍ፦ ከማይግሬን ጋር በማተሚያ ቤት

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም አልነበረም፤ ብርሃን ነበር። በጂኦግራፊ ትምህርት ተመርቄ የመሬት ቅየሳ ሥራ ከያዝሁ ብዙም ሳልቆይ፣ በወገራ ደጋ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ቆሜ በቅየሳ መሣሪያው፣ በቴዎዶላይት፣ እመለከት ነበር። በመነጽሩ ውስጥ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ፣ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ታየኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ መሰለኝና መስተዋቱን በመሐረብ ጠረግሁ። ደግሜ አየሁ። ብርሃኑ አልጠፋም። ዓይኔን ከመሣሪያው ሳነሣ ሜዳው ላይም ነበር፤ ሰማዩ ላይም ነበር። ያን ጊዜ የተበላሸው መሣሪያው እንዳልሆነ ገባኝ። ቀጥሎ ከፊቴ የቆመው ባልደረባዬ በአንድ ጎኑ ጠፋ። ግማሽ ሰው ሆነ። ዕይታዬ ጥቂት ቆይቶ ቢመለስም፣ በምትኩ ከግራ ቅንድቤ በላይ ይወጋኝ ጀመር። አስመለሰኝ። የቀረውን ቀን ድንኳን ውስጥ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ተኛሁ።

ይህን የምጽፈው ራሳቸውን እየታመሙ ሥራ ለሚፈልጉና የያዙትን ሥራ እንዳያጡ ለሚሠጉ ሰዎች ነው። እኔ በዚያ ሥጋት ውስጥ ዕድሜዬን አሳልፌአለሁ። የሕመሙ ስም ማይግሬን መሆኑንም ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። በቤታችን «ራሱን ያመዋል» ከመባል በቀር ሌላ ስም አልነበረውም። ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ጠጥቻለሁ፤ ዋግምት ተደርጎልኛል፤ ጠበል ተጠምቄአለሁ። ከጠበሉ ስፍራ ጸጥታ ዕረፍት ያገኘሁባቸው ቀናት ስላሉ አላማውም። ሕመሙ ግን እየተመላለሰ አብሮኝ ሸመገለ።

ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤቴም ዐረፈች። ጡረታው ብቻውን ቤቴን የሚያቆም አልሆነም። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጄ፣ «አባባ፣ ቤቱን ዘግተህ እኛ ዘንድ ና» ትለኝ ጀመር። ፍቅሯን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከተወለድሁበት ሰፈር፣ ከደብሬና ከባለቤቴ መቃብር መራቅ አልሆነልኝም። ስለዚህ ምርጫው ቁርጥ ነበር፦ ሥራ ማግኘት፣ ወይም ጎንደርን መልቀቅ።

በመጀመሪያ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ተጠየቅሁ። ራሴን ስለሚያመኝ አልፎ አልፎ እቀራለሁ ብዬ በግልጥ ተናገርሁ። ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ፣ «አባቴ፣ ራሱን የማያመው ማን አለ?» ብሎ ሳቀ። ነገር ግን ሳይጠሩኝ ቀሩ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቦታ ዝም አልሁ።

የሚቀጥለው ቦታ ከፒያሳ ወረድ ብሎ አራዳ ውስጥ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘርፌ ናት፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ በዕድሜ ልጄን የምታህል ሴት። አራሚ ትፈልግ ነበር። ለፈተና የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ ሰጠችኝ። አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ መለስሁላት። ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያም እኔን።

«ጋሼ አድማሱ፣ ይህን እኮ እኛ አርመን ጨርሰነው ነበር!»

«እንግዲያስ አልጨረሳችሁትም» አልኋት።

ሳቀች። «እስከ ፋሲካ እንተያይ» አለችኝ። የሙከራ ጊዜዬ ይህ ነበር።

በማተሚያ ቤት ዓቢይ ጾም የጥድፊያ ወቅት ነው። ሠርግ የሚደገሰው ከፋሲካ በኋላ በመሆኑ፣ የጥሪ ካርዱ ሁሉ በጾሙ ይታተማል። ከጠረጴዛዬ በላይ ያለው የፍሎረሰንት መብራት ያለ ዕረፍት ይርገበገብ ነበር። ከጓዳው የቀለም ማጠቢያው ሽታ ይመጣል። እኔ ደግሞ፣ ከካህናት ቤተሰብ እንደተወለደ ሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ግራ ቅንድቤ መውጋት ይጀምራል። ኪኒኑ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን በውሃ የሚዋጥ ነው። ውሃ ደግሞ ጾም ያስገድፋል። ስለዚህ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፓራሲታሞል እውጣለሁ። አያሽለኝም። ማታ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ጠንከር ያለ ማስታገሻ እጨምርበታለሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ብዙ ሳይቆይ ሕመሙ ስድስት ሰዓትን መጠበቅ ተወ። ከእንቅልፌ አብሮኝ ይነሣ ጀመር።

አንድ ቀን ያ የመጋዝ ጥርስ ብርሃን መጣ። በእጄ የሠርግ ካርድ ረቂቅ ነበር። ብርሃኑ አለፈ። ማንበቤን ቀጠልሁ። የቀኝ ዕይታዬ እንደጎደለ አላወቅሁም። የጎደለ ዕይታ ጨለማ ሆኖ አይታይም፤ ከነጭራሹ የሌለ ይመስላል። የእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ጠፍቶብኝ ሳለ የተሟላ መስመር ያነበብሁ መሰለኝ። ፈረምሁ። ካርዱ ታተመ።

ካርዱን ያሳተሙት አያ ብሬ የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነበሩ። የታተመውን ሊወስዱ መጥተው አንዱን አንሥተው አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«አያ፣ ምነው? ምን በደልኋችሁ? እኔ ድግሱን ወገራ ደግሼ፣ እናንተ እንግዳውን ጎንደር ልትሰዱብኝ ነው?»

ካርዱን ተቀብዬ አየሁ። ጽሑፉ የተዘጋጀው በሌላ ሰው ካርድ ላይ ስሞችን በመተካት ነበር። በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ስም ግን ሳይተካ ቀርቷል። የአያ ብሬ ልጅ በአምባ ጊዮርጊስ ስትዳር፣ ካርዱ ተክሊሉ የሚፈጸመው ጎንደር ከተማ ባለ ሌላ ደብር ነው ይላል።

«ሙሽራዪቱስ ወደየትኛው ትሂድ?» አሉ አያ ብሬ። «ወይስ ለሁለት እንክፈላት?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወይዘሮ ዘርፌ ይቅርታ ጠይቃ፣ ካርዱ በእርሷ ኪሣራ እንደገና እንዲታተም አዝዛ ሸኘቻቸው። ከዚያም ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋሁና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ጎደለው ዕይታ፣ ስለ ዕለት ዕለቱ ሕመም ሁሉንም ነገርኋት።

«ታዲያ ምነው ቀድመው ሳይነግሩኝ?»

«በሌላ ቦታ ተናግሬ ሥራ አጣሁ።»

«ዝም ብለውስ አገኙ?»

«አግኝቼ ነበር። ዛሬ ያጣሁት መሰለኝ።»

«ነገ ወደዚህ አይምጡ» አለችኝ።

ባሕር ዳር ታየኝ። የተዘጋው የቤቴ በር ታየኝ።

«ወደ ሐኪም ይሂዱ» ብላ ጨረሰች። «ወንበርዎን ማንም አይቀመጥበትም።»

የሄድሁባት ሐኪም የነርቭ ስፔሻሊስት ነበረች። ከማዘዟ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ፦ ሕመሙ እንደ መብረቅ ድንገት ይመጣል ወይ፣ እጅ እግር ይዝላል ወይ፣ አንደበት ይያዛል ወይ፣ ሲያኝኩ መንጋጋዎን ያምዎታል ወይ፣ አስም አለብዎት ወይ። የደም ግፊቴን ለካች። በዕድሜዬ ምክንያት ቀላል ነው ብላ ማለፍ እንደማትችል ነግራኝ የደምና የኩላሊት ምርመራ፣ የልብ ምርመራ (ኢ.ሲ.ጂ.) እና የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዘች። ውጤቱን እስካገኝ የፈራሁትን እዚህ አልጽፍም፤ የሚያነበው ያውቀዋል።

«ዕጢም የለም፣ ደም መፍሰስም የለም» አለች። «አንድ ራስ ምታት ይዘው መጡ መስሎዎታል፤ ያሉብዎት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ማይግሬን ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ከሚውጡት ኪኒን የመጣ ነው።»

«ካልዋጥሁ አይቆምልኝም።»

«ስለሚዘገዩ ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር ሊወሰድ የሚገባውን፣ ነግሦ ከተቀመጠ በኋላ ይውጡታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። ሳይሽልዎ ሲቀር ደግሞ ይጨምራሉ። ረጅም ሰዓት ሆድዎ ባዶ መዋሉም ሕመሙን ይጠራዋል።»

ጾሙን አነሣሁባት።

«እርሱን የማዝዘው እኔ አይደለሁም። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ይምጡ።»

የንስሐ አባቴ መምሬ ጥበቡ በዕድሜ ልጄ፣ በክህነቱ አባቴ ነው። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ጢሙን ዳሰሰ።

«ልጄ፣» አለኝ፤ ይህን ቃል ሲለኝ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ «ይህን ያህል ሲሠቃዩ ማንን ጠየቁ?»

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።»

«ችግሩ ይኸው ነው! ያልተማረ ይጠይቃል፤ የተማረ ራሱ ፈርዶ ራሱ ይቀጣል። ለድውይ ጾም እንደማይጫን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ለሌላው ቢሆን ወዲያው ይፈቅዱለት ነበር። ከሥጋውና ከወተቱ ይከልከሉ፤ ሰዓቱን ግን ትቼልዎታለሁ። ጠዋት ቆሎም ቢሆን ይቅመሱ፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ ይዋጡ። በፈንታው ዳዊት ይድገሙ።»

ከደጀ ሰላሙ ስወጣ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ነበር። ሐኪሟ ዳይክሎፌናኩን አስቆመችኝ። ለመከላከያ ፕሮፕራኖሎል በትንሽ መጠን አስጀመረችኝ። «መጀመሪያ ይብስብዎታል፤ እንዳይደነግጡ» ብላኝ ነበር። ባሰብኝ። ሌሊቱ አልነጋልኝም። አስመለሰኝ። እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ነው። ልጄ ደወለችና፣ «በቃ፣ መጥቼ ልውሰድህ» አለች። ጥቂት እንድትታገሠኝ ለመንኋት። ወይዘሮ ዘርፌም ደወለች። «ጋሼ፣ ወንበርዎ አለ» አለችኝ።

ከዚያም አንድ ጠዋት፣ ዓይኔን ገልጬ እንደ ልማዴ ሕመሙን በግራ ቅንድቤ ላይ ስፈልገው፣ በቦታው አጣሁት፤ ተነሥቼ በሩን ከፈትሁና፣ ከዝናብ በኋላ የታጠበውን የሰፈራችንን ድንጋይ መንገድና ወደ ገበያ የሚወርዱትን ሰዎች ዓይኔን ሳላጨናብስ እያየሁ፣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ እስኪሞቅ ድረስ ደፉ ላይ ቆምሁ። ሕመሙ ለዘለዓለም ሄደ ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ነገር ግን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል።

ወደ ሥራ ስመለስ ወይዘሮ ዘርፌ የሚርገበገበውን መብራት አስቀይራ፣ ጠረጴዛዬን ከጓዳው አርቃ በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣልኝ አገኘሁ። እኔም በበኩሌ ረቂቁን ጧት ዓይኔ ሳይደክም ማንበብን፣ ምሳዬን ሳላሳልፍ መብላትን፣ ሕመሙ ሲጀምርም ሳልደብቅ መናገርን ልማድ አደረግሁ። ብርሃኑ ዳግመኛ የመጣብኝ በሕማማት ዋዜማ፣ የመጨረሻዎቹ ካርዶች በተከመሩበት ቀን ነበር። ሐኪሟ ሕመሙ ሲጀምር ብቻ እንድወስደው ያዘዘችልኝን ኪኒን ወዲያው ዋጥሁና ወደ ቢሮዋ ሄድሁ።

«የመስመሩ ጫፍ ጠፍቶብኛል» አልኋት።

ሌላ አሠሪ ቢሆን ወደ ቤቴ ይሰደኝ ነበር። እርሷ ግን ወንበሯን ስባ ረቂቁን አነሣች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። እኔ ላንብብ፤ እርስዎ ይስሙ።»

ጨፈንሁ። ዳዊትን በልጅነቴ የተማርሁት ፊደሉን ከመለየቴ በፊት፣ የኔታ ሲሉ እየሰማሁና እየተቀበልሁ ነበር፤ ስሕተትም ቢኖር በአርጩሜ የሚታረመው በጆሮ እየተለየ ነው። ያ ያረጀ ጆሮ ነቃ። «እዚህ ላይ ቁሚ» አልኋት። «የሙሽራው አባት ከላይ ቀኛዝማች ተብለው ከታች አቶ ሆኑ። በአንድ ካርድ ማዕረግ ገፈፍሻቸው።»

«ውይ! እኒህማ በሠርጉ ቀን ይገድሉኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማተሚያ ቤታችን ስምና ቦታ ያለበት ሥራ ሁሉ፣ እኔ ደኅና ብሆንም ባልሆንም፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ይታረማል። ፋሲካም መጣ፤ አለፈም። ስለ ሙከራ ጊዜው ያነሣ ሰው የለም። ዳግማዊ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አያ ብሬ የታረመውን ካርድ ይዘው በማተሚያ ቤቱ ሳይሆን በእኔ ቤት በር ላይ ተገኙ።

«ተጠርታችኋል፣ አያ» አሉኝ። «መቼም እናንተ ቤተ ክርስቲያኑን አትስቱትም።»

ሄድሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ያለውን ያን ሜዳም በአውቶቡሱ መስኮት አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ሆኖ ታየኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በአንተም ላይ ይህ ሕመም ካለ፣ እኔ ያደረግሁትን ያህል አትዘግይ። ድንገት እንደ መብረቅ ለሚመታ፣ ከትኩሳት ወይም ከአካል መዛል ጋር ለሚመጣ፣ ወይም በሽምግልና አዲስ ለጀመረ ራስ ምታት ኪኒን አትግዛ፤ ፈጥነህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለእኔ የታዘዘው ለአንተ የታዘዘ አይደለምና የእኔን መድኃኒት ስም ይዘህ ፋርማሲ አትሂድ። ሃይማኖትህ በሚያዝዝህ ነገር ላይ ራስህ ፈራጅ አትሁን፤ አባትህን ጠይቅ፤ ከምትፈራው ይልቅ የሚራራ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለአሠሪህም ስሕተትህ ከመናገሩ በፊት አንተ ተናገር። ሁሉም አሠሪ ይሰማሃል አልልም፤ የመጀመሪያው አልሰማኝም። የሚሰማ ግን አለ፤ ያን ሰው ለማግኘት ደግሞ መናገር ግድ ነው።

ለሐኪሟ፣ ለመምሬ ጥበቡ፣ ታግሣ ላልወሰደችኝ ልጄ፣ ለወይዘሮ ዘርፌም ምስጋናዬ ይድረስ። ይህን ጽሑፍ እንደ ደንባችን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ እርሷ ናት፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ፣ ስሕተት አለ። ምስጋናው ላይ የእኔን ስም ሁለት ጊዜ ጽፈውታል፤ ለወይዘሮ ዘርፌ፣ ደግሞም ለወይዘሮ ዘርፌ ይላል። አንዱን ላጥፋው?»

«አጥፊው» አልኋት፤ አራሚ ነኝና። ሁለተኛውን ግን እነሆ፣ በአፌ ነገርኋት።