ለአክስቷ ያወጣሁት ስም

የልጄን ስም እዚህ አልጽፈውም። ትርጉሙን ግን እነግራችኋለሁ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝና ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። «ያማችኝ ሴት የምትገባበት ይጥፋት» ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ባንድ ቃል ተጠቅልሎ፣ ሲጠሩት ለጆሮ ደስ የሚል ለስላሳ የሴት ልጅ ስም ሆኖ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ዓይነት ነገር አገር ቤት ብርቅ አልነበረም። እናቶቻችን ለጎረቤት፣ ለጣውንት፣ ለአማት በአፋቸው ያልመለሱትን በልጅ ስም ይመልሱ ነበር። ልጁ ደጅ ላይ በተጠራ ቁጥር መልሱ ለባለቤቱ ይደርሳል።

ያማችኝ ሴት የባሌ ታላቅ እህት ናት። የዲቪ ሎተሪ ደርሶን አሜሪካ ስንመጣ የተቀበለችን እሷ ነች። ኧርቪንግ የሚባል ከተማ ባለው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዋ ውስጥ፣ ሳሎኗ ላይ ፍራሽ አንጥፋ አንድ ዓመት ከምናምን አኖረችን። ከሰዓት በኋላ እየገባች ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ፎጣና አንሶላ ታጥባለች። ራሷ ወልዳ አታውቅም። እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት ሁለተኛውን ፅንስ አስወረደኝ። ከሆስፒታል በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሻወር ቤት ሆኜ፣ አገር ቤት ላለች ዘመዷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ወንድሜማ የደረቀ እንጨት አቅፎ ነው የሚያድረው» አለች። ውሃውን ዘጋሁና ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። ሳቀች።

አልተናገርኳትም። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና አብረን ምሳ በላን፤ እንዲያውም አጎረስኳት። ቂም መያዝ እችልበታለሁ። ሌላው ሰው ጥልፍ እንደሚችለው ማለት ነው፤ ቀስ ብዬ፣ ሳልቸኩል፣ አንድ ክር ሳላበላሽ።

ልጄ የተወለደችው ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር የራሳችንን አፓርታማ ከያዝን በኋላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለልደት ሰርተፊኬቷ ፎርሙን ሞላሁና ለባሌ ሰጠሁት። ስሙን አንብቦ ቀና አለ።

«እህቴን ነው?» አለኝ።

«ልጅህን ነው» አልኩት።

ፈረመ። ባሌ ጸብ ሲመጣ የመኪና ቁልፉን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው፤ ያን ቀንም ፓርኪንግ ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ሰማንያ ቀን ሙሉ ስሟን ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። አክስቷ በየቀኑ እየመጣች አጥሚት ትሠራልኛለች፣ ልጅቷን ታጥባለች፣ «ሚጡዬ» እያለች ትስማለች። ስም ስትጠይቀኝ «ለክርስትናዋ ቀን» እላታለሁ። የክርስትናዋ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ትሪ ይዛ በምታልፍበት ሰዓት ጠብቄ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ «እታለም፣ ስሟን ልንገርሽ» አልኩና ነገርኳት። አንዲት አሮጊት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹ ድፎውን መመልከት ጀመሩ። እኔ የተመለከትኩት የእሷን ፊት ብቻ ነው። ስሙን በከንፈሯ አንዴ ደገመችው፣ ገባት፣ ትሪውን አላንቀጠቀጠችም። «ትደግልሽ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ከቤቴ ትቀራለች ብዬ ነበር። አልቀረችም። እኔ ፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሥራ ገባሁ፣ ባሌ ታክሲ ይነዳል፣ ልጅቷን የሚይዝልን ሰው አልነበረንም። ሥራዋ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከኧርቪንግ እየነዳች መጣች። ከፍ ስትልም ትምህርት ቤት የምታደርሳት እሷ ሆነች። ጸጉሯን ትሠራታለች። ፊደል ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ከ«ሀ» ጀምሮ አስቆጠረቻት። የሚገርመው፣ ስሟን ሳትቆርጥ ሙሉውን የምትጠራት እሷ ብቻ ነበረች። አባቷ «ማሚ» ይላታል፣ አስተማሪዎቿ ግማሹን ዋጥ አድርገው በሁለት ፊደል ይጠሯታል። አክስቷ ግን ከፓርኪንግ ጀምራ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሙሉውን።

ደግ ሴት ብሆን ይሄ ይበቃኝ ነበር። አልበቃኝም። ለምሳ ብሬክ ስወጣ ለአክስቷ እደውልና፣ ኋላ ልጅቷ ስትጮህ ከተሰማኝ «ማናት የምትጮኸው?» እላታለሁ። ቤቱ ውስጥ ከአንድ ልጅ በቀር የለም። እሷም ታውቃለች። ስሙን ትለዋለች። «ማን?» እላለሁ። ደግማ ትለዋለች። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ሳንድዊቼን እበላለሁ። ዓመታት እንዲህ አድርጌያለሁ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። ስምሽ ምን ማለት ነው፣ ከየት መጣ፣ ስንት ሰው ይጠራበታል፣ ለምን ወጣልሽ ይላል። የሞሉትን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ቤተሰብ መጥቶ ያያል።

«ማሚ፣ ሶ ስሜን ሰርች አደረግኩት» አለችኝ። «ማንም የለውም። ላይክ፣ ዜሮ ሰው። ምን ማለት ነው?»

«የእግዚአብሔር ስጦታ» አልኳት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን ከእኔ ላይ ቶሎ አላነሳችም። «ኦኬ» አለችና ወረቀቷን ይዛ ክፍሏ ገባች። ሽንኩርቱን ጨረስኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ትምህርት እንዳለቀ ግድግዳውን ልናይ ትምህርት ቤቱ ሄድን። አክስቷን የጠራቻት ልጄ ናት። ወደ ሥራ ልትገባ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች መጣች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ኮሪደሩን ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትሄደው። ግድግዳው የልጆች ስም ሞልቶበታል። የአበባ ስም፣ የብርሃን ስም፣ የቅድመ አያት ስም። የልጄን ወረቀት አገኘነው። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ በጥንቃቄ በሚያጋድል ጽሕፈቷ።

«ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ አክስቷ። እንግሊዝኛዋ የሆቴል ነው፤ አንሶላ ላይ ያልቃል።

የመጀመሪያውን መስመር በዓይኔ አነበብኩት። «ስጦታ ማለት ነው ይላል» አልኳት።

«ማሚ፣ እንደሱ አይልም» አለች ልጄ ከኋላዬ። «የተጻፈውን አንብቢላት። ወይ እኔ ላንብብ?»

አጠገባችን ሌሎች ወላጆች ፎቶ ያነሳሉ። አነበብኩ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ላማችኝ ሴት፣ በገዛ ድምፄ።

«ምን ማለት ነው? እናቴ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ትላለች። አይደለም። ያማችኝ ሴት የምትገባበት ይጥፋት ማለት ነው። አማርኛ ያስተማረችኝ አክስቴ ስለሆነች ራሴ ገባኝ።

«ከየት መጣ? ኧርቪንግ፣ ከአክስቴ ሳሎን።

«ስንት ሰው ይጠራበታል? አንድ።

«ለምን ወጣልሽ? አክስቴ ስለ እናቴ መጥፎ ነገር ተናግራ ነበር። ስጠይቃት አልደበቀችኝም። ያለችውን ነገረችኝ፣ አለቀሰችም። እሷ በአፏ ነው የተናገረችው። እናቴ ግን…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የቀረው ሁለት ቃል ነው። ልጄ አልረዳችኝም። እጇን አጣምራ ትጠብቃለች፤ ልክ እኔ ያን የክርስትና ቀን የአክስቷን ፊት እንደጠበቅኩት።

«በእኔ ተናገረች» ብዬ ጨረስኩት።

አክስቷ «ይሁን» አለች። የወረቀቱ ጥግ ተጠቅልሎ ነበር፣ በጣቷ አስተካከለችው። አንድም የድል ነገር ፊቷ ላይ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ጠላት ጠላት ሲመስል መልስ አላጣለትም። አፈርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«ማሚ» አለች ልጄ፣ «አንቺ ግን አንድ ቀን በስሜ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ቆሜ አሰብኩ። «ማሚ» እላታለሁ። «የኔ ቆንጆ» እላታለሁ። ስቆጣ «አንቺ!» እላታለሁ። ስሙ የእሷ እንዲሆን ያወጣሁት አልነበረም፤ አክስቷ እንድትውጠው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሌላ ሴት ሳስጠራ የኖርኩትን ስም እኔ አንድ ቀን አልጠራሁትም። አሁን ልጥራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ። ልጄ ትንሽ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

«ማሚ!» አልኳት።

«ዋት?» አለች፣ ሳትዞር።

አክስቷ ግድግዳውን ይዛ ቀና አለች። ስሟን፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል፣ እንደ ሁልጊዜው ጠራቻት። «ቀስ በይ፣ ጠብቂኝ እንጂ» አለቻት።

«አቤት፣ አክስቴ» አለች ልጄ። ተመልሳ መጣችና ክንዷን ያዘቻት።