አራቱ የግድግዳ ቀንዶች

ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ከማየቴ በፊት ወገቡን አይ ነበር። ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። አባባ ዘለቀ ነበር የምንላቸው፤ የአባቴ አባት። ቤታችን ከአማኑኤል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ያኔ በዚያ አገር ወንድ ልጅ ገበያም ይሂድ ለቅሶ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ ሽጉጥ ካለውም ከነአፎቱ ከልብሱ በላይ ወገቡ ላይ ይታጠቀዋል። እንደ ጃንጥላ ነበር፤ ማንም አይገረምበትም። የሚያስፈራው ያልታየው ነው።

ከበራችን በስተቀኝ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ አራት የበሬ ቀንዶች ተተክለው ነበር። የሚገባ ሰው ሳይቀመጥ መሣሪያውን አውልቆ በሁለት እጁ ለአባባ ይሰጣል፤ አባባ ቀንዱ ላይ ይሰቅሉታል። ሲሄድም ራሱ አያነሣም፤ አባባ አውርደው ያስታጥቁታል። እንግዳ በገዛ እጁ ካነሣ ግን በዚያ ሰውና በዚያ ቤት መካከል ነገር ተበላሸ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀንድ የአባባ የራሳቸው ሽጉጥ የሚሰቀልበት ነው። ሁለቱ የእንግዳ ናቸው። አራተኛው ባዶውን ይኖራል። «እሱ የምንይችል ነው» ይሉ ነበር፤ አቧራውን ይጠርጉለታል እንጂ ምንም አይሰቅሉበትም።

ምንይችል አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ። ሠርግ ቤት በተነሣ ጠብ የጎረቤታችንን የአያ ውበቴን ልጅ ተኩሶ ገደለ። እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ ግን ወደ ቤቱ መምጣት አልቻለም። ሕግ ቢፈታውም ደሙ አልደረቀም፤ አያ ውበቴ ሌሎች ወንዶች ልጆች አሏቸው። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ ይኖር ነበር። እርቅ ካልወረደ አይመጣም። የአባባ ሐሳብ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ሳይሞቱ ልጃቸው በዚያ በር ሲገባ ማየት።

ከብቱ ገብቶ እራት እስኪደርስ ድረስ ተረት ነበር። አባባ ከምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ ይቀመጡና ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «ተረት ተረት» ይላሉ። «የላም በረት» ስንላቸው ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ላሟንስ አስገብታችኋል? ወይስ በአፋችሁ ብቻ ነው?» ይሉናል። ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚሉት፤ እኛም ሁልጊዜ እንስቃለን። ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይጨሳል፣ የባሕር ዛፉ ጭራሮ እሳቱ ውስጥ ይንጣጣል፣ እኔም ዓይኔን እያሸሁ ወደ ጉልበታቸው እጠጋለሁ።

ብዙ ተረት ያውቃሉ፤ እኛ የምንለምናቸው ግን የጃርቷን ነው። ጥንቸል ልጇን ስትድር አራዊቱን ሁሉ ጠራች። ጃርት ስትመጣ ጩኸት ሆነ፤ «ኧረ ወዲያ! እሾህሽ ልብሳችንን ጨረሰው!» አሏትና ከበሩ አጠገብ ብቻዋን አስቀመጧት። ቀጥሎ እባብ መጣ። «አንተስ ምን ይዘሃል?» ቢሉት «እኔ ምን አለኝ? መያዣ እጅ እንኳ የለኝም» አለ። እውነቱን ነው ተባለና ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጡት። እዚህ ላይ አባባ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ታናሽ ወንድሜ እግሩን ከመሬት አንሥቶ መደቡ ላይ ይወጣል። «ጠዋት ሙሽራዪቱን ሊቀሰቅሷት ቢሄዱ…» ብለው ይተዉታል፤ ጨርሰውት አያውቁም። «ከጃርት የሸሸ ሁሉ ከእባብ ጋር አደረ» ይሉና ፍሙን አንዴ ይመቱታል።

አባቴ ይህን ተረት አይወደውም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ሰዎች ከኋላው መጥተው በዱላ ማጅራቱን መትተው ጠመንጃውን ወስደውበታል። ጠባሳውን ፀጉሩ አይሸፍነውም። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ገዛ፤ የሚይዘውም ከሸሚዙ ሥር ነው። «አባ፣ የሚታየው እኮ ነው መጀመሪያ የሚመታው። ያች ያንቱ ጃርት ዛሬ ብትኖር እሾኋን ነቅለው ነበር የሚሸጡባት» ይላል። አባባ ይቆጣሉ። «አንተ፣ ሰው ነህ ወይስ ሌባ? ወይ ከልብስህ በላይ አድርገው፣ ወይ ጣለው! ታጥቆ ያየሁትን ሰው እፈራዋለሁ ወይም አከብረዋለሁ። የደበቀ ግን ስለ እኔ አስቦ የመጣው ነገር አለ።» አባቴም «የደበቀ ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ የፈራም ይደብቃል» ይልና ከብት የሚያይ መስሎ ይወጣል። ያኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። አሁንም ያው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ ተመላልሰው፣ እግራቸው ቀጥኖ፣ አያ ውበቴ እሺ አሉ። እርቁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኛ ቤት ሊሆን ተቆረጠ። ምንይችል ከእርቁ በፊት ብቅ ማለት ስለማይችል በእሱ ፈንታ ድንጋይ ተሸክሞ የአያ ውበቴን እግር የሚስመው ታላቁ፣ አባቴ ነው። ደሙ ከታረቀ ምንይችል በሦስተኛው ቀን ይመጣል። መልእክት ተልኮለት ከእርሻው አሠሪ ፈቃድ ጠይቆ ጨርሷል፤ እናቴም የሚተኛበትን ቆዳ አራግፋ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባባ አባቴን ጠሩትና «ያ ነገርህስ?» አሉት። «አማኑኤል ወዳጄ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ» አላቸው። «ማርያምን?» «ማርያምን።» አባባ «እሰይ የኔ ልጅ» አሉ። አባቴን ሲያመሰግኑት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ለጉዝጓዙ የታጨደውን ሣር ተሸክሜ ስገባ አባቴ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ጎታው ሥር ሰደደና ሽጉጡን አወጣ። ሸሚዙን ገልጦ ከጀርባው ሱሪው ውስጥ ሻጠው፣ ከላይ ጋቢውን ደረበ። ዞር ሲል አየኝ። አልተቆጣኝም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ዓይኑ ግን ከእኔ አልፎ በሩን ያይ ነበር። ሣሩን ጎዘጎዝሁ።

አያ ውበቴ ከታላቁ ልጃቸው ጋር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከልጃቸው ሞት ወዲህ ፀጉራቸውን የማይቆረጡ ሰው ነበሩ። ሳይቀመጡ ጠመንጃቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው ለአባባ ሰጡ፤ ልጃቸውም ሰጠ። አባባ ሁለቱን ሰቀሉ። የራሳቸውን ሽጉጥ ከነዝናሩ ፈትተው በመጀመሪያው ቀንድ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በቄሱና በሽማግሌዎቹ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ውበቴ፣ ዛሬ በዚህ ቤት ከግድግዳው በቀር የታጠቀ የለም። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። አያ ውበቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ።

እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ለምን አልተናገርሽም? መልሱ ቀላል ነው። በአባባ ተረት እባቡ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። የእኔ ዓይን በአያ ውበቴ ልጅ ወገብ ላይ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ያዩት የነበረው እሱን ነው። የዋሱን ልጅ ማን ይፈትሻል? ነውር ነው።

አባቴ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ፣ ከዚያ ጠባሳ ላይ፣ አድርጎ ገባ። «ስለ እግዚአብሔር» አለ። አያ ውበቴ ዝም አሉ፤ የመጀመሪያው ዝምታ ወጉ ነው። አንድ እርምጃ ቀረበና «ስለ ማርያም» አለ። «ዝቅ በል እንጂ» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ዝቅ አለ። «አሁንም ዝቅ በል፤ መሬት ሳም።» ተንበርክኮ ሲደፋ ጋቢው ወደ ራሱ ተንሸራተተ፣ ሸሚዙ ተገለጠ፣ ሽጉጡ ከሱሪው ወጥቶ በጎኑ ወደቀ። ድምፅ አልነበረውም። ሣሩን ወፍራም አድርጌ ነበር የጎዘጎዝሁት።

አያ ውበቴ ሽጉጡን አዩት፤ ከዚያ አባቴን ትተው አባባን አዩ። «አያ ዘለቀ፣ ግድግዳህ አንድ ጎደለው» አሉ። ተነሡ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው «በመስቀሉ! ኧረ በመስቀሉ ቁጭ በል!» ቢሉ «አባ፣ እኔ ባዶዬን ነው የገባሁት። ልጄም ባዶውን ነው የሞተው» ብለው መለሱ። ወደ ግድግዳው ሄደው የራሳቸውንም የልጃቸውንም ጠመንጃ በገዛ እጃቸው ከቀንዱ አነሡ። አባቴ ከድንጋዩ ሥር «ፈርቼ ነው» አለ። «አያ ውበቴ፣ ፈርቼ ነው እኮ» አለ። ሰውየው ግን ደጁን አልፈው ነበር፤ በቤት የቀረውም ሰው እንዳልሰማ ሆነ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አውርድ ያለው ስላልነበረ አባቴ እንደተንበረከከ ቆየ፤ ኋላ እናቴ መጥታ ድንጋዩን አነሣችለት።

ማታ አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፍሙን አልቆሰቆሱም። ጠሩኝ። «ጠዋት ስትገቢ ስትወጪ ነበርሽ። አይተሻል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ማንም አላየም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አልጠየቁኝም፤ አባቴንም በስሙ አልጠሩትም።

ለምንይችል «አትምጣ» ተባለ። ከሁለት ክረምት በኋላ መሞቱ ተነገረን። የገደለው ወባ ነው፤ ጥይት አልነካውም። አባባ አራተኛውን ቀንድ ከግድግዳው አልነቀሉትም፤ አቧራውን መጥረግ ግን ተዉ። አንድ አመሻሽ ታናሽ ወንድሜ ረስቶ «አባባ፣ የጃርቷን» አላቸው። «ላሟን አስገቡ» አሉን። ላሟ ገብታ ነበር። አልሳቅንም። በዓመቱ እሳቸውም ሞቱ፤ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እኔ ከመካከላቸው ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር። ይህች ልጅ ድንጋይ ናት አሉ። ምን ላድርግ፣ እንባው አልመጣልኝም። እስከ ዛሬም አልመጣም።

አሁን ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ዘንድሮ ወገብ አይቶ ሰው ማወቅ ቀርቷል። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጃኬት ሥር ጠንካራ ነገር ክንዴን ይነካኛል። ክንዴን ሰብሰብ አድርጌ ለእራት ምን እንደምሠራ አስባለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፈታሿ ጎንና ጎኔን ዳብሳ «እለፊ» ትለኛለች። አልፋለሁ። ሰው ስለ ተደበቀ መሣሪያ ሲያወራ «አትፈሪም ወይ?» ይለኛል። መፍራት ያለብኝ ይመስለኛል፤ ግን እጄን ወደ ውስጤ ብሰድድ የማገኘው ፍርሃት የለም።

አባቴ አርጅቷል፤ አንዳንዴ ከገጠር ሊያየኝ ይመጣል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሽጉጥ በእጁ አላየሁም፤ የት እንዳደረሰውም አልጠየቅሁትም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል። የማንም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሳይጠየቅ ይቆምና ጋቢውን በሁለት እጁ ገልጦ ወገቡን ያሳያል፤ ዞር ብሎ ጀርባውንም ያሳያል። የገዛ ልጁ ቤት ሲመጣ እንኳ። ሰዎች እርጅና ነው ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ሲመጣ የሰባት ዓመቷ ልጄ በሩን ከፈተችለት። ጋቢውን ሲገልጥ ባየችው ጊዜ የፈታሾቹን ጨዋታ የጀመረ መሰላት። «እጅ ወደ ላይ!» አለችው። አነሣ። ጎኑን ዳበሰች፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ ኪሱን ፈተሸች። «እማ፣ ምንም የለውም! እለፍ!» ብላ እየሳቀች ሮጠች። አባቴ ግን እጁን እንዳነሣ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት ነክቷል፤ ማጅራቱ ላይ ያ ጠባሳ ይታየኛል። «በቃ አባዬ፣ አውርድ» አልሁት። ያኔ አወረደ። ሶፋው ላይ ቦታ እያለ ከበሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ልጄ ተረት ንገረኝ ብላ ያዘችው። «እኔ ተረት አላውቅም» አላት። እያየኋት ለንቦጯን ጣለች። ስለዚህ የጃርቷን እኔ ጀመርሁላት፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ጥንቸል ልጇን ስትድር፣ ጃርት ከበሩ አጠገብ ስትቀመጥ፣ ሁሉንም አባባ እንደሚሉት አልሁ። እባቡ ላይ ስደርስ ግን አፌ ሌላ አለ። እባቡ እንግዳ አልነበረም፣ የዚያው ቤት ልጅ ነበር አልኋት።

«ታዲያ ለምን ደበቀ?» አለች። «ቤቱ አይደለም እንዴ?»

አባቴ በርጩማው ላይ እንዳጎነበሰ፣ ወለሉን እያየ፣ «ፈርቶ ነው፣ የኔ ልጅ» አላት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ እማ?»

«እውነት ነው» አልሁ። «አይቼዋለሁ።»