የአለቃው ልጅ ተራ

ወንድሜ ከጌታው ተጣልቶ ሸፈተ። እሱን ቢያጡት እኔን ከየካ ወስደው እንጦጦ ላይ አሰሩኝ። እስር ቤቱ ጭቃው ገና ያልደረቀ ጎጆ ነበር። እንደኔው ባል ወይም ወንድም የሸፈተባቸው አምስት ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ልጅ ታቅፈው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

የእስር ቤቱ አለቃ በየቀኑ ይጠይቀኛል። «ወንድምሽ የት ነው?»

«አላውቅም።»

አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ወር ከዘበኞቹ የአንዱን ልጅ ፈንጣጣ ያዘው። እኔ በልጅነቴ ወጥቶብኝ ድኛለሁ፤ የመንደሬን ልጆች የምከትበውም እኔ ነበርኩ። ቀላል ከወጣበት ልጅ ጥቂት መግል ወስጄ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጌ እቀባለሁ። ልጁ ትንሽ ይታመምና ይድናል። የማይድንም አለ። ይህን ለእናት ሳልነግር ከትቤ አላውቅም።

አለቃው ይህን ሰምቶ አንድ ጠዋት የሦስት ዓመት ልጁን አቅፎ መጣ።

«ክተቢያት።»

«የእነዚህም ልጆች ይከተባሉ።»

«የሽፍታ ልጆች?»

«አምስት ናቸው። የእርስዎ ስድስተኛ ትሆናለች።»

እጁ ወደ ጎራዴው ሄደ። «ብትሞት አንቺም አትተርፊም።»

«ልትሞት ትችላለች። እናቶቹም ይህንኑ ሰምተው ነው እሺ ያሉኝ። ተራ ይያዙ።»

ጎራዴውን ለቀቀ። ከዚያ እግር ብረት ካሰረባቸው ሴቶች መጨረሻ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት ተቀመጠ። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ክንዷን ጫር አድርጌ ቀባሁ።

በሳምንቱ ስድስቱንም አተኮሳቸው። ያን ሰሞን ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ የለም። የአለቃው ልጅ ከመኝታዋ በተነሳችበት ቀን፣ አጠገቤ የታሰረችው ሴት፣ ልጇ ሞተችባት። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«ነግረሽኛል እኮ» አለችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

ከሰዓት በኋላ አለቃው አዲስ ኩታ ይዞ ገባ። «ይሄ ላንቺ ነው። ወንድምሽ ያለበትን ንገሪኝና ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ኩታውን ተቀብዬ እፊቱ ዘረጋሁትና የሞተችውን ልጅ ገነዝኩበት።

«አላውቅም» አልኩት።

ወንድሜ ምሕረት ሲያገኝ ተፈታሁ። የት እንደነበር ከኔ አልሰሙም።

አሁን አርጅቻለሁ። ከዚያች ሴት ጋር ዛሬም እንጠያየቃለን። አለቃውን አንስተን አናውቅም። የሞተችውን ልጇን ስም እንጠራለን፤ ብትኖር ስንት ዓመት ይሆናት እንደነበር እናሰላለን።