የሽርት ውሃው መቼ ፈሰሰ?

አማቴ ምጥ ሰው አፍ ከገባ ይረዝማል ባይ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ስቃረብ ባሌ ለሥራ ባኮ ሄዶ ስለነበር፣ እሳቸው ሊጠብቁኝ ከጊንጪ አምቦ መጡ። መጠበቅ ማለት ለካ ዘብ መቆም ኖሯል! ሐሙስ ጠዋት የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፤ እሳቸው በሩን ዘጉ። የቀበሌ ሴቶች ማኅበር ለስብሰባ ሊጠሩኝ ቢመጡ «ጉንፋን ይዟታል» ብለው መለሷቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ትራስ ነክሼ አቃስታለሁ። አንዷ «ምን ዓይነት ጉንፋን ነው እንዲህ የሚያስጮህ?» ብትል «የክረምት ጉንፋን!» አሏት። ወሩ ጥር ነበር።

ዓርብ ትኩሳት ጀመረኝ። ቅዳሜ ብርድ ብርድ ሲለኝ ፈሩና ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ምጡን የደበቁት ሴትዮ ልደቱን ለከተማው ሁሉ አወጁት።

በማግስቱ የልጁ ሆድና እግር ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። አማቴ «ቁንጫ!» ብለው ተነሡ። ብርድ ልብሱን አራገፉ፣ ፍራሹን ከነእኔ ሊገለብጡት ምንም አልቀራቸው፣ አጠገቤ የተኛችውን አራስ «ያንቺ ጋቢ ነው ያመጣብን» ብለው ተጣሏት። ነርሷ ጠብ ልትገላግል መጥታ ልጁን ስታየው ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ነጠብጣቡን በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ አልደበዘዘም።

«እናቴ፣ ይሄ ቁንጫ አይደለም። ከቆዳው ሥር እየደማ ነው» አላቸው።

ደሙ ሲመረመር ደም የሚያረጋው ነገር፣ እነሱ ፕላትሌት የሚሉት፣ በጣም አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ ምክንያቱን ካላወቅሁ መድኃኒቱን አላውቅም ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ያለ ቀኑ ነው የተወለደው? ደም ግፊት ነበረብሽ? የሚጠየቀው እኔ፣ የሚመልሱት እሳቸው!

«የሽርት ውሃውስ መቼ ፈሰሰ?»

«አሁን ፈሰሰ፣ አሁን ወለደች! የኛ ቤት ምራት ምጥ አይቆይባትም።»

በኛ ደንብ ምራት አማቷን ሰው ፊት አታርምም፤ እንኳን ልታርም ቀና ብላም አታያቸው። ልጄን አየሁት። ከአፍንጫው ቀጭን ደም መጥቷል። ደንብ ገደል ይግባ!

«ሐሙስ ነው! ትኩሳትም ነበረኝ! በር ዘግተውብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ በኦሮምኛ «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም። ውሃው ፈስሶ ሲቆይ ልጁ ኢንፌክሽን ገብቶበታል ብሎ መርፌ አዘዘለት፤ ከዘመድም ትኩስ ደም ይፈለጋል አለ። ይሄን ጊዜ ሊጠይቁኝ ለመጡት ወንዶች ሁሉ የጊንጪ አውቶቡስ ትዝ አላቸው። እጅጌያቸውን የሰበሰቡት አማቴ ናቸው። ደማቸው ገጠመ። ከመወጋታቸው በፊት ላሚቱን ለማን እንደሚተዉ ተናዘዙ፤ እኛን ተሰናበቱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ነርሷ በስሪንጅ ጥቂት ቀድታ ጨርሳለች።

«ይቺን ብቻ? ለዚህች ነው እንዴ የተናዘዝኩት?» ብለው ተቆጡ።

ደማቸው ለልጁ ተሰጠ፤ መድማቱም ቆመ። ልጁም ውሎ አድሮ ጡቴን አጥብቆ ያዘ፤ ደስታዬን የት ላድርሰው! አማቴን ግን ረግመውኝ ይሄዳሉ ብዬ ፈርቼአቸው ነበር። መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልጁ ሲጠባ እያዩ አለቀሱ።

«ስሚ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሌላ ጊዜ ስዋሽ ከሰማሽ እስከዚያ አትጠብቂ። ቶሎ ብለሽ ጩኺብኝ።»