ጸሎት ላይ ሳለሁ የተንኳኳው በር

ልጅ ሳለሁ፣ ከጅጋ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ አመሻሽ ላይ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ፍሙ ፊታቸውን ያቀላዋል፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ እኛ ግን ንቅንቅ አንልም። ያኔ ውሻው ከጮኸ ተረቱ ይቋረጣል። ደጅ የቆመው ሰው «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ እሳቸውም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ብለው ይነሳሉ።

«አያ፣ ጅቡስ?» እንላለን ተናደን።

«የተረቱ ጅብ ይቆየኛል፤ የውጪው አይቆይም።»

ዛሬ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ስንገባ የሰፈሩ አጥር ቅንጭብ ነበር፤ አሁን ሁሉም የቆርቆሮ በሩን ከርችሞ ይቀመጣል፣ ከጎኔም አንዲት ወጣት ግሮሰሪ ከፍታለች። ከቅዳሴ ስንመለስ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር «ሰፈራችን እኮ ጠፋ» እያልን፣ በእሷ ደጅ ስናልፍ ነጠላችንን ወደ አፍንጫችን ሳብ እናደርግ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ውዳሴ ማርያም ስደግም በራችን ተንኳኳ።

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ ከሽንዲ ለሕክምና መጥቼ ነው» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ልጄ ከበረንዳው ሆና «አባ፣ ተሳስተዋል፤ አልጋ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው» አለችና ዞር ብላ አየችኝ። የጀመርኩትን ጸሎት ማቋረጥ አልወደድኩም። ገጹን ገለጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የባለግሮሰሪዋ ድምፅ ተሰማኝ፤

«ውይ አባቴ፣ በዚህ ብርድ! ይግቡ፣ ይግቡ! ሙዚቃውን ዝጉት እስቲ!»

ንጋት ላይ ለኪዳን ስወጣ ሽማግሌው ከደጇ ቆመው ሲመርቋት አገኘኋቸው። ከእኛ በር መውጣቴን አይተው ኖሮ፣

«እመቤት፣ ማታ ልጅቱን አስደነገጥኳት። ብቻዋን ኖሯል ለካ» አሉኝ።

«አዎ፣ ብቻዋን ነበረች» አልኩ።

የማታ ጸሎቴ በአጥሩ አልፎ ለወጣቷ እንደሚሰማት አውቃለሁ። ቀና ብላ አየችኝና የሽማግሌውን ጋቢ ማስተካከል ያዘች።

ያን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ወደ ውስጥ መግባት አልሆነልኝም፤ ኪዳኑን ከዛፍ ሥር ቆሜ አደረስኩ። ከአያ ታከለ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ያልረሳኋቸውን ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ ደህና አድርጋ ትችላቸዋለች። ያን ምሽት ዞር ብላ ስታየኝ ግን፣ ዓይኗ የጠየቀኝ ተረት አልነበረም።